አርባ አንድ ሰው የገደልኩበት የምሳ ሰዓት

ለአውቶቡስ መናኸሪያው ክቡር ሥራ አስኪያጅ
በቢሮዎ፣ ወይም በሚገኙበት ሁሉ

ጉዳዩ፦ በሌላ ሰው ወንጀል፣ ያውም በጠፈር ላይ ለተፈጸመ፣ ስለተቀጣሁት ቅጣት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤንነትን፣ ለቤተሰብዎ ደስታን፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለእግሮችዎም ምቾትን ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ ዕድሜ ለእርስዎ፣ ደህና ነኝ። የተመደብኩበት ምድር ቤት ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ ትንሽም የእርጥብ ጃንጥላ ሽታ አለው፤ ነገር ግን በአርባ አንድ ሰዎች ነፍስ የተፈረደበት ሰው ከዚህ የተሻለ ማረፊያ ቢጠይቅ ነውር መሆኑን ስለማውቅ አላማርርም።

እኔ ለሃያ ሁለት ዓመታት በመናኸሪያዎ የመስታወት ክፍል ተቀምጬ የአውቶቡሶችን መነሻና መድረሻ በድምፅ ማጉያ ስናገር የኖርኩ፣ ካለፈው ወር ጀምሮ ግን በክቡርነትዎ ፊርማ ወደ ጠፉ ዕቃዎች ክፍል የተዛወርኩ ሠራተኛዎ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ መስጠት ሲገባኝ በመግቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ቀደም ሲል ሦስት ማመልከቻዎችን በትሕትና ለጸሐፊዎ አስገብቼ ነበር። ስለ መጀመሪያው «ታይቷል» ተባልኩ። ስለ ሁለተኛው «እየታየ ነው» ተባልኩ። ሦስተኛውን የጽዳት ሠራተኛዋ ከደረጃ ሥር አግኝታ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ወረቀት ነው ብላ፣ ለእኔው ለራሴ አስረከበችኝ። እኔም እንደ ሥራ ደንቡ መዝግቤ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ በሁለት ጃንጥላዎችና በአንዲት የሕፃን ኮፍያ መካከል አስቀመጥኩት። ባለቤቱ እስኪመጣ ስድስት ወር ይጠበቃል ይላል ደንቡ፤ የእኔ ይግባኝ ግን የሚታየው የፊታችን ሐሙስ ነው።

ቆሞ የሚያነብ መንገደኛ ግራ እንዳይጋባ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከስድስት ዓመት ወዲህ፣ ከሥራ ሰዓቴ ውጪ፣ በቴሌቪዥን የሚታየውን ያንን ረጅም የጠፈር ተከታታይ ፊልም ወደ ቋንቋችን ስንመልስ፣ ክፉውን ሰው ሆኜ የምናገረው እኔ ነኝ። ሰውየው የአንዲት የጠፈር መርከብ የአየር ቧንቧዎች ኃላፊ ሲሆን፣ የተቀየመው ሰው የተኛበትን ክፍል አየር ይዘጋል፤ ስለዚህም ተመልካቹ ሁሉ «አየር ዘጊው» ይለዋል። በፊልሙ ላይ የሚታየው ተዋናይ ጎንበስ ሳይል በር የማያልፍ፣ ትከሻው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ፣ ፀጉሩ እንደ ፈረስ ጋማ የሚዘናፈል ወንድ ነው። ድምፁን የማውሰው እኔ ግን፣ ክቡርነትዎ እንደሚያውቁኝ፣ ማይክሮፎኑ እንዲደርሰኝ ወንበሬ ላይ ትራስ የምደርብ፣ ራሴ የተመለጠ፣ ደረጃ ስወጣ የማለከልክ ሰው ነኝ። በመርከቧም ሆነ በመናኸሪያው አየር የሚያጥረው እኔን ነው። ድምፄን ሰምተው ሊያዩኝ የመጡ ሰዎች በመስታወቱ አሻግረው ተመልክተው «ይኼ ነው እንዴ?» ሲባባሉ በከንፈራቸው አነባለሁ። አንዲት ሴትማ የፈረምኩላትን ወረቀት በትሕትና መልሳልኛለች።

እውነቱን ለመናገር ያኔ ልቤ አብጦ ነበር። አንድ ሰው አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ «አምስት ቁጥር አውቶቡስ ከሦስተኛው መስመር ይነሳል» ሲል ኖሮ፣ አንድ ቀን መርከብ ሙሉ ሕዝብ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ አለህ ሲባል ልቡ ባያብጥ ነው የሚገርመው። ቀስ በቀስ የአየር ዘጊውን አነጋገር ወደ ሥራዬ ይዤው መጣሁ። «ጓዛችሁን እንዳትረሱ» የሚለውን እንኳ ቃላቱን እየጎተትኩ፣ መጨረሻው ላይ ትንፋሼን ዋጥ እያደረግሁ እናገረው ስለነበር፣ ሰው ሻንጣውን በሁለት እጁ አቅፎ ነበር የሚቀመጠው። ዛሬ የጠፉ ዕቃዎች መዝገብ በእጄ ገብቶ ሳገላብጠው በእነዚያ ስድስት ዓመታት እዚህ የተረሳ ዕቃ በግማሽ ቀንሶ እንደነበር ተረድቻለሁ። ክቡርነትዎም ቢሆኑ ያን ጊዜ አልተጠየፉኝም። እንዲያውም ቢሮዎ አስጠርተው፣ በሩን ዘግተው፣ «ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ደግመው አይደውሉ» የሚለውን የስልክ መልእክት በዚያው ድምፅ እንድቀዳልዎ ጠይቀውኛል። ድምፄ ለሕዝብ እንዳይሰማ ከወሰኑ ወዲህም ወደ ቢሮዎ የሚደውል ሰው ሁሉ የሚያናግረው ያንኑ ነፍሰ ገዳይ ስለሆነ፣ ላሳዩኝ እምነት ምስጋናዬ ወደር የለውም።

ወደ ቅሬታዎቼ እንድገባ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ ስለ ቀይዋ አምፖል።

ማይክሮፎኑ ክፍት ሲሆን የምትበራ፣ አውራ ጣት የምታክል ቀይ አምፖል ነበረችን። ከተቃጠለች ዓመት ከስምንት ወር ሆኗታል። ለንብረት ክፍሉ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ፣ አንድ ጊዜ በቃል አመልክቼ ያገኘሁት የመጨረሻ መልስ «ማይክሮፎኑ ይሠራል አይደል?» የሚል ነበር። ይሠራል። ምን ያህል እንደሚሠራም አሁን ሁላችንም አውቀናል።

በዚያ ሳምንት አየር ዘጊው ተይዞ በመርከቧ ሸንጎ ፊት የቀረበባቸውን ክፍሎች እየቀዳን ነበር። የእምነት ቃሉን የሚሰጥበት ክፍል በማግስቱ መድረስ ነበረበት፤ የስቱዲዮው መብራት ግን ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ድምፅ ቀጂው ደውሎ «አንድ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልግና በስልክህ ቅዳው፣ ሌላውን ለእኔ ተወው» አለኝ። እኔ በዚህ ዓለም ላይ የማውቀው ጸጥ ያለ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመስታወት ክፍሌ ነው። የምሳ ሰዓት ነበር። በሩን ዘጋሁ፣ ስልኬን ማይክሮፎኑ ላይ አስደገፍኩ፣ ወረቀቶቼን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። የማይክሮፎኑ ማብሪያ ከወረቀቶቹ ሥር ነበር። እኔም ክርኔን ያሳረፍኩት በትክክል እዚያው ላይ ነው። ማብሪያው ሲነካ አዳራሹ ውስጥ ያቺ የታወቀችው ደወል ሦስት ጊዜ ትጮኻለች፤ መስታወቱ ወፍራም ስለሆነ ለእኔ አትሰማኝም።

ታዲያ ዓይኔን ጨፈንኩ። ታላላቅ ተዋናዮች ከባድ ቃል ሲናገሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ ሲባል ሰምቼ ነበር። ከዚያም፣ አምስት መቶ ያህል መንገደኛ ዓይኑን ድምፅ ማጉያው ላይ ተክሎ በሚጠባበቅበት አዳራሽ ውስጥ፣ እንዲህ አልኩ፦ «አትድከሙ። አርባ አንዱንም ተሳፋሪዎች የገደልኩ እኔ ነኝ። በሮቹን የዘጋሁ እኔ ነኝ። አሁንም ከዚህ ማንም አይወጣም፤ የቀረው አየር ለአራት ደቂቃ ብቻ ነው።»

አንዴ ብዬው ባበቃ ጥሩ ነበር። ስላልረካሁ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። በሦስተኛው ላይ ሳቅ ጨመርኩበት። ሳቁ በጽሑፉ ላይ አልነበረም፤ ከራሴ ያፈለቅኩት ነው፤ ከምርመራ ሪፖርቱ እንደተረዳሁት ከሁሉም የከፋው እሱ ነበር። በመስታወቱ በኩል የሆነ ሁካታ በስሱ ይሰማኝ እንደነበር አልክድም። ምን መሰለህ ቢሉኝ፣ ለክቡርነትዎ ብቻ የምነግርዎ ሐቅ ነው፣ ጭብጨባ መስሎኝ ነበር። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱም ደርሰውብኝ አንዱንም አላወቅሁም።

ዓይኔን ስገልጥ አዳራሹ ባዶ መሰለኝ። ሻንጣዎች ተጋድመዋል፣ ባለቤት የሌለው ጋሪ ብቻውን ይንከባለላል። ሁሉም ምሳ ሄዷል ብዬ አሰብኩ። እውነተኛው ነገር የገባኝ የበሩ ጥበቃ ዱላውን ወድሮ መጥቶ «ጌታዬ፣ እባክዎን ሳይታገሉ ይውጡልኝ» ሲለኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት «አንተ» ሲለኝ የኖረ ሰው «እርስዎ» ብሎ የጠራኝ የዚያን ቀን ብቻ ነው። ይዞኝ ሲሄድ ኮሪደሩ ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ «በመጨረሻ ይሞታል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ አንድም ሰው ሳይጎዳ መቅረቱን የነገረኝም እሱ ነው።

ሁለተኛ፤ ለበላይ አካል ስላቀረቡት ሪፖርት።

በሪፖርቱ ገጽ ሁለት ላይ ክቡርነትዎ «ፍጹም በተረጋጋ መንፈስ ከቢሯቸው ወጥተው፣ መንገደኞችን አንድ በአንድ ወደ ውጪ ካሳለፉ በኋላ በመጨረሻ ራሳቸው እንደወጡ» ተጽፏል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር በዚህ ላይ የምሰጠው ምስክርነት የለኝም። አድናቆት ብቻ ነው ያለኝ። ይህን ቅሬታ ከቁጥር ውስጥ ያስገባሁትም እንዲያው አድናቆቴን የምገልጽበት ሌላ ቦታ ስላጣሁ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ዲሲፕሊን ኮሚቴው።

ኮሚቴው መጀመሪያ የተቀጠረው ነገሩ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ነበር። ያን ቀን ሰብሳቢው «ሸንጎው ገና አልፈረደም፣ ምን አስቸኮለን» ብለው አራዘሙት። የትኛው ሸንጎ እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ለመጠየቅም አፈርኩ። በሁለተኛው ቀጠሮ ዋዜማ በቴሌቪዥን የአየር ዘጊውን የልጅነት ታሪክ የሚያሳየው ክፍል ቀረበ፤ እናቱ ጥላው መሄዷን፣ በጨለማ መጋዘን ውስጥ ማደጉን ሁሉ። በማግስቱ ከኮሚቴው አባላት አንዷ፣ የትኬት ክፍል ኃላፊዋ፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ «ያደገበትን ሁኔታም ማየት አለብን» ብላ በድጋሚ አስራዘመችልኝ። የእኔ እናት የትም አልሄደችም፤ አሁንም በየሳምንቱ ደውላ ሹራብ መልበሴን ትጠይቀኛለች። ቢሆንም ውለታ ውለታ ነውና አላረምኳትም።

በመጨረሻም ማክሰኞ ማታ የመርከቧ ሸንጎ አየር ዘጊውን በአርባ አንድ ሰዎች ግድያ ጥፋተኛ ብሎ «ድምፁ ከሰው ጆሮ በማይደርስበት ክፍል ዕድሜውን እንዲጨርስ» ፈረደበት። ረቡዕ ጠዋት በሦስት ሰዓት ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ በሦስት ሰዓት ከሩብ ተበተነ። የደረሰኝ ውሳኔ ከእነ ማኅተሙ እነሆ በእጄ አለ፤ «ሠራተኛው ቀደም ሲል በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ የተባለ መሆኑ ቅጣቱን የሚያከብድ ሆኖ ስለተገኘ፣ ድምፁ ከሕዝብ ጆሮ በማይደርስበት የሥራ ክፍል እንዲመደብ» ይላል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይህ ነው። በዚህ ሁሉ ይቅርታ የጠየቀችኝ አንዲት ሰው ብትኖር በፊልሙ ላይ የሸንጎውን ዳኛ ሆና የምትናገረው ባልደረባዬ ናት፤ ሥራዋ ፀጉር ሠሪነት ነው። ነገሩን ስነግራት መቀስዋን አስቀምጣ «እንደዚህ የሚያደርጉህ መሆኑን ባውቅ ቀለል አድርጌ አነበው ነበር» አለችኝ።

አልተበደልኩም ማለቴ እንጂ አላጠፋሁም ማለቴ እንዳይመስልብኝ። አይ፣ ተሳሳትኩ፤ በተቃራኒው ነው፤ ተበድያለሁም፣ አጥፍቻለሁም። ማይክሮፎን ክፍት ይሁን ዝግ ሳያጣራ አፉን የከፈተ የማስታወቂያ ሠራተኛ መቀጣት አለበት። ደሞዜ ቢቀጣ፣ ማስጠንቀቂያ ቢጻፍብኝ፣ አዳራሹን በጉልበቴ ተንበርክኬ ብወለውል «ይገባሃል» እላለሁ። ቅር ያለኝ ያጠፋሁትን ትታችሁ ባላጠፋሁት መቅጣታችሁ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ቤቴ።

ይህ ክቡርነትዎን አይመለከትም፤ ግን ከጀመርኩ አይቀር። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት። ከፍርዱ ወዲህ እኔ ሳሎን ስገባ ተነስተው መስኮት ይከፍታሉ። ብርድ ነው፣ ጉንፋን ይዞኛል ብል ወይ ፍንክች። ባለቤቴን ልታስረዳቸው ብለምናት፣ በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር ውስጥ ከእናቷ እንዲህ ያለ አክብሮት አግኝቼ እንደማላውቅ አስታውሳ፣ ባይነካ ይሻላል አለችኝ። አሰብኩበትና እውነቷን ነው።

አምስተኛና የመጨረሻው፤ ስለ ማሽኗና ስለ ሹራብ ሠሪዋ።

ይህን አምስተኛ ያደረግሁት ለቀልድ የሚሆነውን አስቀድሜ ለመጨረስ ነው።

በእኔ ምትክ ማሽን አስገብተዋል። የተቀዳ የሴት ድምፅ ነው፤ ጥሩ ድምፅ ነው፤ አይስልም፣ ትራስ አይፈልግም፣ ሰው አይገድልም። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ እሱንም የነገሩኝ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ሹራብ እየሠሩ የሚያድሩት፣ ይቅርታ፣ ከነጋ እስከ አመሻሽ እየሠሩ የሚውሉት እናታችን ናቸው። ክቡርነትዎ ያውቋቸዋል፤ በየቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት በአራተኛው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀምጠው ወደ ልጃቸው ቤት የሚወስዳቸውን አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ የሚጠብቁት ናቸው። ዓይናቸው አያይም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተሳፈሩት በእኔ ድምፅ ነው።

በዚያ የምሳ ሰዓት ክር ሊገዙ ከሱቁ ወጥተው እግረ መንገዳቸውን አዳራሹ ውስጥ አረፍ ብለው ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲተራመስ እሳቸው ከቦታቸው አልተነሱም። ጥበቃው ይዞኝ ሲያልፍ መርፌያቸውን ሳያቆሙ «ልጄ፣ ምን አድርገውህ ነው ያልሠራኸውን የምታምነው?» አሉኝ። እንዴት አወቁ እማማ ብላቸው «ስትዋሽ ድምፅህ ይቀጥናል» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፤ ስድስት ዓመት የለፋሁበት ጥበብ፣ ጨፍኜ የተናገርኩት፣ ከራሴ ሳቅ የጨመርኩበት፣ አምስት መቶ ሰው ያስሮጠ ቃል፣ በአንዲት አሮጊት ፊት የቀጠነ ውሸት ሆኖ ተገኘ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እኔ ይህን ስለ ድምፄ አላውቅም ነበር። እሳቸው ያወቁት ደግሞ ከፊልሙ አይደለም፤ ፊልሙን አይተውት አያውቁም። ያወቁት ከእኛው ሥራ ነው። አውቶቡስ በተበላሸ ቁጥር፣ ሾፌር በጠፋ ቁጥር፣ ክቡርነትዎ በመስታወቱ ሥር በምትገኘው ቀዳዳ ወረቀት እያሾለኩ «ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ይደርሳል በል» ይሉኝ ነበር። እኔም እል ነበር። ሌላው ሕዝብ ቆሞ ይጠብቃል። እሳቸው ግን ድምፄ ሲቀጥን ሰምተው፣ ዛሬ እንደማይመጣ አውቀው፣ ክራቸውን ጠቅልለው ማዶ ካለው ፌርማታ በታክሲ ይሄዱ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስዋሻቸው፣ በዚያው በውሸቴ እውነቱን ሲነግራቸው የኖረው ጉሮሮዬ ነው።

ማሽኗ ግን ስትዋሽ ድምፅዋ አይቀጥንም። እውነቱንም ሐሰቱንም በዚያው በለሰለሰ አንደበት ነው የምትናገረው። እኔ ወደ ምድር ቤት በወረድኩ በአራተኛው ቀን፣ አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ከጠዋት ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ ተሰቅሎ ሳለ፣ ማሽኗ በየሩብ ሰዓቱ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ እንደሚደርስ ታበሥር ነበር። እናታችንም አምነዋት ጠበቁ። አሥራ ሁለት አለፈ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ በእግራቸው ዙሪያ ጠርጋ ጨረሰች፤ እሳቸው እንደተቀመጡ ናቸው። ልጃቸው ስትፈልግ መጥታ አገኘቻቸው። በማግስቱ የእኔን መዛወር ሲሰሙ፣ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው እስከ ምድር ቤቱ ወርደው «የጠፋ ዕቃ የምትመዘግበው አንተ ነህ አሉ፤ የአውቶቡሴን ድምፅ አላገኛችሁም?» አሉኝ። ሊያስቁኝ ነው። ሳቅሁላቸው። ከሄዱ በኋላ ግን በዚያ ሁሉ ጃንጥላ መሃል ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ተዋናይ ስለሆንኩ አይደለም።

ሐሙስ ይግባኜ ውድቅ ከሆነ የመስታወት ክፍሉ ፈርሶ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ እንደሚሆን ሰምቻለሁ። እንግዲህ ከፈረሰ ፈረሰ ነው፤ መልሶ የሚሠራው የለም። ስለዚህ ልመናዬን አጥብቤ አቀርባለሁ። ሙሉ ቀኑን ይመልሱልኝ አልልም። ሌላውን ሁሉ ማሽኗ ትናገር። ለእኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የአንዲት አውቶቡስ ማስታወቂያ ብቻ ይተዉልኝ፤ ቀይዋን አምፖል ከኪሴ ገዝቼ እተክላለሁ።

አሁን ደግሞ፣ የእምነት ቃል መስጠት ልማድ ስለሆነብኝ፣ አንድ ልጨምር።

ላለፉት አሥራ ሰባት የሥራ ቀናት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ የዕቃ ክፍሉን ቆልፌ፣ ሃያ ስድስቱን ደረጃ እያለከለክሁ ወጥቼ፣ ከአራተኛው አግዳሚ ወንበር ጀርባ ቆሜ፣ ከእናታችን ጆሮ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ መኖር አለመኖሩን ስናገር ቆይቻለሁ። ካለ «ከሁለተኛው መስመር ይነሳል፣ ጓዝዎን እንዳይረሱ» እላለሁ። ከሌለ «የለም እማማ» እላለሁ። ይህ የውሳኔውን አንቀጽ አራት በግልጽ የሚጥስ ድርጊት ነው። ደግ ሰው ስለሆንኩ እንዳይመስልዎ፤ አንድ አድማጭ ብቻ የቀረው ተዋናይ አድማጩን ፍለጋ ደረጃ ቢወጣ ምን ይገርማል። ዛሬም አድርጌዋለሁ፤ ነገም አደርገዋለሁ። ይህንን ያደረግሁ እኔ ነኝ፤ ማንም አልጻፈልኝም። ኮሚቴው ቢጠራጠር ምስክሬ በአራተኛው ወንበር ጫፍ ይገኛሉ፤ ይህን ቃል ፊታቸው ላንብበውና ድምፄ ቀጥኖ እንደሆነ ይጠየቁ።

ክቡርነትዎ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ካነበቡልኝ፣ ለትዕግሥትዎ፤ ካላነበቡልኝም፣ ወረቀቱ ወድቆ ለእኔው ሲመለስ በክብር መዝግቤ እንደማስቀምጠው ለሚተማመኑብኝ መተማመን፣ ከምድር ቤቱ ጥልቀት የማይተናነስ ጥልቅ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ለአርባ አንድ ነፍስ ተጠያቂ፣ ለአንዲት አውቶቡስ አመልካች፣ ለሃያ ሁለት ዓመታት ታዛዥዎ የሆንኩት
የቀድሞው የመናኸሪያው ድምፅ፣ የአሁኑ የጠፉ ዕቃዎች ኃላፊ

ተጨማሪ፦ በመዝገቤ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ፣ በዚያው የምሳ ሰዓት የተገኘ አንድ የወንድ ጫማ አለ፤ የግራ እግር፣ ጥቁር፣ አርባ ሦስት ቁጥር፣ በደንብ የተወለወለ፣ ውስጡ በሥራ አስኪያጅ ቢሮ ማኅተም የታተመ ወረቀት ለመደልደያ ታጥፎ የገባበት። የተገኘው ከአደጋ ጊዜ መውጫው ውጪ፣ ቀድመው የወጡት መንገደኞች ከቆሙበትም አሥር እርምጃ አልፎ ነው። ባለቤቱ ጫማው እንዴት እንደጠፋ በጽሑፍ አስረድቶ ሲፈርም ወዲያውኑ ይረከባል። ስድስት ወሩ እስኪሞላ በጥንቃቄ እጠብቀዋለሁ፤ በየሳምንቱም እወለውለዋለሁ።